ታስሮ ስለ ተፈታ ሰውና ስለ ባሕር ማዶ መንገድ

መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ ስንቁን፥ በትሩንና ልብሱን ማሰናዳቱ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ባሕር ማዶ ለሚሻገር ሰው ከስንቅ አስቀድሞ የሚሰናዳ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ስላለፈው ኑሮው ለሚጠየቀው የሚሰጠው ቃል ነው። ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን ከወዴት እንደ መጣ፥ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ምን ሠርቶ እንደ ነበረ ይጠየቃል። ከነዚህም ጥያቄዎች መካከል በብዙ ቤት በዝምታ የምትታለፍ አንዲት ጥያቄ አለች፤ እርስዋም «ታስረው ያውቃሉን?» የምትል ናት። ይህች ጥያቄ በቤታችን ስለ ገጠመችን፥ የሆነውን ሁሉ ለክቡራን አንባብያን ብንገልጽ ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለን አሰብን።

እኛ ይህን የምንጽፈው በእስቴ ወረዳ በመካነ ኢየሱስ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ተወልደን ያደግንና በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከ20 ዓመት በላይ የቆየን ሰው ነን። ፊደልን ከየኔታ ዘንድ ቆጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ቅኔም ጥቂት ሞክረናል፤ ከዚያም በኋላ ሚሲዮናውያን በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ገብተን እንግሊዝኛና ሒሳብ ተምረናል። ሥራችን መዝገብ መክፈት፥ መጥሪያና ትእዛዝ መጻፍ፥ ያለቀውንም ጉዳይ ቁጥር ሰጥቶ በመዝገብ ቤት ማኖር ነው። ስለዚህ የሰውን ሁሉ ክስና ፍርድ ስንገልጥ ኖረናል፤ የራሳችንን ግን ሳንገልጥ 25 ዓመት አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ የ19 ዓመት ጎልማሳ ሳለን፥ የጎረቤት ከብት ካጎታችን ማሳ ገብቶ ያልታጨደ ጤፍ ስላበላሸ ጠብ ተነሣ። የሁለቱም ወገን ወጣቶች ዱላ ዱላችንን ይዘን ወጣን። በዚያም ግርግር አንድ ሰው ራሱን ተመትቶ ወደቀ። እኛ አልመታንም፤ ነገር ግን እጃችን ባዶ አልነበረም። ፖሊስም ደርሶ በስፍራው የተገኘነውን ሁሉ ይዞ ወሰደን። የቆሰለው ሰው መዳኑ ገና ስላልታወቀ ፍርድ ቤት የጊዜ ቀጠሮ ሰጠና 11 ቀን ታሰርን።

በነዚያ 11 ቀናት ታላቅ እኅታችን ከመንደራችን እስከ ከተማው የ2 ሰዓት መንገድ በእግርዋ እየመጣች ስንቅ በአገልግል አቀበለችን። በ12ኛው ቀን ጥንድ በሬዋን አስመዝግባ ዋስ ሆነችንና ወጣን። ሰውየውም በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ ሽማግሎች ገብተው ሁለቱን ወገን አስታረቁ፤ ዐቃቤ ሕግም በኛ በኩል ማስረጃ አልተገኘም ብሎ ክስ ሳይመሠርት መዝገቡን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ነገሩን ቀበርነው። ባለቤታችን ከመንደር ወሬ ሰምታ ነበር፤ ልጆቻችን ግን ምንም አያውቁም ነበር። አባት በልጆቹ ፊት ተከብሮ ለመኖር እንዲህ ያለውን ነገር መሸሸግ ይገባዋል የሚል አሳብ አድሮብን ነበርና።

እታለም የምንላት ያች እኅታችን ልጇ በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ሄዶ ዜግነት ካገኘ በኋላ ወስዷት፥ አሁን በቨርጂንያ ትኖራለች። በ2014 ዓ.ም. ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት 3 ቀን እጥበት እንድታደርግ ሐኪሞች አዘዙ። በስልክም «ወንድም ዓለም፥ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ና» አለችን። የዚህ ቃል ክብደት ምን እንደ ሆነ እኅት ያሳደገችው ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ለአሜሪካ ቪዛ የሚሞላው ማመልከቻ በኢንተርኔት ስለ ሆነ፥ የ17 ዓመት ልጃችን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ እርስዋ ስታነብ እኛ ስንመልስ አመሸን። የትውልድ ስፍራን፥ የሥራን፥ የወላጆችን ስም አለፍን። ከዚያም ስለ እስራት ከሚጠይቀው ገጽ ስትደርስ፥ ጥያቄውን አንብባ ፈገግ አለችና እኛን ሳትጠይቅ «አይደለም» ከሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደች። አባቷ ታስሮ ያውቃል ብላ እንዴት ታስብ! እኛም ዝም አልን። ይህን ዝምታችንን አሁን ስንጽፈው እናፍራለን፤ የሆነ ሆኖ በዚያች ሌሊት እውነቱ ይኸው ነበር።

ማመልከቻው ሳይላክ 14 ሌሊት አደረ። በዚህ መካከል አንድ የሥጋ ዘመዳችን ነገሩን ስናማክረው፥ «ይህ ምን ያስጨንቃል? ክስ የለብህም፥ ፍርድ የለብህም። ያለው ያች አሮጌ የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ብቻ ናት፤ የመዝገብ ቤቱስ ቁልፍ በወገብህ አይደለምን?» አለን። የመከረን በፍቅር ነው፤ ምክሩ ግን ክፉ ነበር። እኛም ክፉ መሆኑን እያወቅን፥ በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ገብተን ያችን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረድናት።

አቧራዋን አራግፈን ስንገልጣት ከ4 ቅጠል የማትበልጥ ነበረች። የመጀመሪያዪቱ የፖሊስ ማመልከቻ፥ ሁለተኛዪቱ የቀጠሮው ትእዛዝ ናት። በሦስተኛዪቱ ቅጠል የዋስትናው ቃል ተጽፎ፥ ከበታቹ የእኅታችን አውራ ጣት በሐምራዊ ቀለም ታትሟል። በዚያን ጊዜ መጻፍ አታውቅም ነበርና። ያን አሻራ ባየን ጊዜ ጉልበታችን ከዳን። መዝገቡን ብናጠፋ የራሳችንን እስር ብቻ የምናጠፋ መስሎን ነበር፤ ለካ ከርሱ ጋር የ11 ቀኑን መንገድ፥ አገልግሉን፥ ጥንዱን በሬና ያችን አውራ ጣት ልናጠፋ ኖሯል። ደግሞስ የመንግሥትን መዝገብ ይጠብቅ ዘንድ የታመነ ሰው ስለ ራሱ ብሎ አንዲት ቅጠል ቢነቅል፥ ከዚያ ወዲህ የማንን መዝገብ በምን ዓይኑ ይጠብቃል? መዝገቡን በስፍራው መልሰን፥ በሩን ቆልፈን ወጣን።

በዚያው ምሽት ልጃችንን ጠርተን ያን ገጽ እንደገና እንድትከፍተው አዘዝናት። «ለምን አባባ?» ብትለን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርናት። ታናሽ ወንድምዋ «እጅዎን በብረት አስረውዎት ነበር?» ብሎ ጠየቀ፤ እርስዋ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፥ «ታዲያ ስንቅ ማን አመላለሰልዎ?» አለች። አክስቷ መሆኗን ስንነግራት፥ «እርሷን ለማየት እርሷን ክደው ሊሄዱ ነበር?» አለችን። ይህን ያህል ዓመት በችሎት ስንቀመጥ እንደዚያች ያለ ፍርድ አልሰማንም። ማመልከቻውን አቃንታ «አዎን» ከሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ምክንያቱን በአጭር ቃል ጻፈች።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ምን እንደሚል በሚገባ መረመርን፤ ያገኘነውንም እነሆ እንገልጻለን።

በአማርኛችን «ታሰረ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለምርመራ ተይዞ ያደረውም ታሰረ ይባላል፤ ቀጠሮ እየጠበቀ የቆየውም ታሰረ ይባላል፤ ተፈርዶበት በወህኒ ዘመኑን የፈጸመውም ታሰረ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሰዎቻችን ጥያቄውን ሲሰሙ «ወንጀለኛ ነዎትን?» የተባሉ እየመሰላቸው ይክዳሉ። በሕግ ግን መያዝና መፈረድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ይደነግጋል፤ በ32ኛውም አንቀጽ ሰው በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ይናገራል። በአገራችን በልዩ ልዩ ዘመን ተይዞ ያለ ክስ የተለቀቀው ሰው ጥቂት አይደለም። ሩቅ ሳንሄድ በ2009 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ20,000 በላይ ሰዎች ተይዘው የሚበዙት ሳይከሰሱ ተለቀዋል። እነዚህ ሁሉ ባሕር ማዶ ለመሄድ ቢነሡ ያችው ጥያቄ ትጠብቃቸዋለች።

የአሜሪካ ማመልከቻ የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን የተያዘውንም ሰው ይጠይቃል፤ ይቅርታ ወይም ምሕረት የተደረገለትም ቢሆን እንዲናገር ይፈልጋል። የካናዳም እንዲሁ መያዝን፥ መከሰስንና መፈረድን አንድ ላይ ይጠይቃል። ነገር ግን ተጠየቀ ማለት ተከለከለ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ክስ ሳይመሠረትበት የተለቀቀ ሰው በመያዙ ብቻ መንገዱ አይዘጋበትም፤ የሚዘጋበት በአሳፋሪ ወንጀል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ነገር የተፈረደበት ወይም ማድረጉን ያመነ ነው። በካናዳ ደግሞ የተፈረደበት ሰው እንኳ ቅጣቱን ከፈጸመ 5 ዓመት ሲያልፈው ተሐድሶው እንዲታወቅለት ማመልከት ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው መዋሸት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለቪዛ ሲል ዋና ነገርን አውቆ የዋሸ ሰው፥ በልዩ ፈቃድ ካልተማረ በቀር፥ ዕድሜውን ሁሉ ይታገዳል። እንግዲህ 11 ቀን የታሰረ ሰው በእስሩ ሳይሆን «አልታሰርኩም» በሚል ቃሉ ለዘላለም ሊታገድ ነው ማለት ነው።

የተፈረደበትም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ232ኛው አንቀጽ ጀምሮ «መሰየም» የሚባለውን መብት ይሰጣል፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይኸው መብት ነበረ። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ 5 ዓመት፥ በሌላ ቅጣት የተቀጣውም 2 ዓመት ካለፈው፥ በዚያም ጊዜ በመልካም ጠባይ ከኖረና የበደለውን እንደ ችሎታው ከካሰ፥ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሊሰየም ይችላል። ከተሰየመ በኋላ ፍርዱ ከመዝገብ ይሠረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ በክፋት አንሥቶ የሚሰድበው ሰው ቢኖር ስም በማጥፋት ይጠየቃል። ይህን መብት ለብዙ ባለጉዳዮች በመስኮታችን አስረድተናል፤ ከነርሱም አንዱ የ60 ዓመት ሽማግሌ ውሳኔው በተነበበለት ጊዜ ጋቢውን አራግፎ ለብሶ እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ ሲወጣ አይተናል። ይሁን እንጂ በአገራችን የተሠረዘውን ነገር የባዕድ አገር ማመልከቻ ሊጠይቅ ስለሚችል፥ የተሰየመውም ሰው የጥያቄውን ቃል ደኅና አድርጎ አንብቦ፥ ውሳኔውን አያይዞ እውነቱን ቢመልስ ይሻለዋል።

የተያዘ ሰው ስም ከመዝገብ በቶሎ እንደማይወጣ ከታላላቆችም ታሪክ እንማራለን። ኔልሰን ማንዴላ በ1949 ዓ.ም. በአገር ክህደት ተከሶ ተያዘ፤ በ1953 ዓ.ም. ነጻ ተባለ። በ1954 ዓ.ም. ለአፍሪካውያን ነጻነት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በዚያውም ዓመት ተመልሶ በኮልፌ የጦር ትምህርት ተማረ። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ግን ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ያለ ፓስፖርት ከአገር መውጣቱ ነበር፤ ስለዚህ ብቻ 2 ዓመት፥ ሠራተኞችን ለአድማ ስለ ማነሣሣቱ 3 ዓመት ተፈረደበት። ኋላም ከ27 ዓመት እስራት ወጥቶ የአገሩ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ እንኳ፥ እርሱና ጓደኞቹ ወደ አሜሪካ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይህ የተነሣላቸው በ2000 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። ዓለም ሁሉ ያከበረውን ሰው መዝገብ እንደዚህ ከተከተለው፥ እኛ በጤፍ ማሳ ጠብ የተያዝን ሰዎች መጠየቃችን ሊያስቆጣን አይገባም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ማስረጃ ለመሰብሰብ 1 ወር ፈጀብን። ፖሊስ የዕለት ሁኔታ መዝገቡን አገላብጦ ስማችንን አገኘ፤ ከስማችንም አጠገብ «አንድ የወይራ ዱላ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ክስ እንዳልተመሠረተብን በደብዳቤ ገለጸልን። ከራሳችን መሥሪያ ቤት የመዝገቡን ትክክለኛ ግልባጭ ስንጠይቅ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ በመስኮቱ ውጭ ቆመን፥ ክፍያውን ከፍለን፥ ደረሰኝ ተቀበልን፤ ለራሳችን ጉዳይ ራሳችን ልንፈርም አይገባምና የሥራ ጓደኛችን ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። በዚያ መስኮት ውጭ ስንቆም በ20 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር፤ ከውስጥ ሲታይ አጭር የነበረው ሰልፍ ከውጭ ሲታይ ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ጊዜ ተረዳነው። ከዚያም አዲስ አበባ ወጥተን በፌዴራል ፖሊስ የጣት አሻራ ሰጥተን ከወንጀል ነጻ መሆናችንን የሚያስረዳ ወረቀት ተቀበልን፤ ሁሉንም ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምን።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. 160 ዶላር ከፍለን በኤምባሲው ቀረብን። 10 ጣታችንን በመስታወት ላይ አኑረን አሻራ ስንሰጥ፥ በሐምራዊ ቀለም የታተመችው አንዲት አውራ ጣት ትዝ አለችን። መርማሪዋ ወይዘሮ «ታስረው ያውቃሉን?» ስትለን ወረቀቶቹን በመስኮቱ ሰጠናት። አነበበችና «ሰውየውን መትተዋልን?» አለች። አለመምታታችንን፥ ዱላ ግን ይዘን እንደ ነበረ ነገርናት። ቀና ብላ ካየችን በኋላ ስለ ሥራችንና ስለ ልጆቻችን ጠየቀች፤ ከዚያም ነገሩ ተጨማሪ ማጣራት እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ወረቀት ሰጥታ አሰናበተችን። 7 ሳምንት ጠበቅን። በነዚያ ሳምንታት ዘመዳችን «አላልኩህም?» እያለ ደጋግሞ ወቀሰን፤ ባለቤታችን ግን «ቢከለከሉም በእውነት ይከልከሉ» አለችን። በመጨረሻም ቪዛው ተፈቀደልን።

እታለምን ከእጥበት ተመልሳ በወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ እጅዋ አብጦ፥ ድምፅዋ ግን ያው ነበር። ከእንባው በኋላ፥ «ስለዚያ ነገር ጠየቁህ ወይ?» አለች። መጠየቃችንንና መንገራችንን ነገርናት። «ዋስህ እኔ መሆኔንስ?» ብትለን ግልባጩን ከቦርሳችን አውጥተን አሳየናት። ብዙ ጊዜ ተመልክታ አውራ ጣቷን ከአሻራው ላይ አኖረችና፥ «በሬዎቹ ግን ከመዝገብ ተፈትተው ነበርን?» ብላ ጠየቀች። ዋስትናው በዚያው በ1990 ዓ.ም. እንደ ወረደ ብንነግራት፥ «እንግዲያ እኔም ነጻ ነኝ በለኛ!» ብላ ሳቀች። 5 ሳምንት አብረናት ሰንብተን በሰላም ወደ አገራችን ተመለስን።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ የምናመጣው ምክር አጭር ነው። በቤትዎ ታስሮ የተፈታ ሰው ካለ መንገድ ከመነሣቱ አስቀድሞ ወረቀቱን ያሰናዳ፤ ያልተከሰሰ የዐቃቤ ሕግን ደብዳቤ፥ ነጻ የተባለ የፍርዱን ግልባጭ፥ የተፈረደበት የመሰየሙን ውሳኔ ይያዝ። ማመልከቻውን ሌላ ሰው ቢሞላለትም ጥያቄውን አንድ ባንድ ራሱ ይስማ፤ ሐሰቱ የሚቆጠረው በሞላው ሰው ላይ ሳይሆን ስሙ በተጻፈበት ሰው ላይ ነውና። በሥልጣን ላይ ያላችሁም አባቶችና ወንድሞች እንዲህ ያለውን ማስረጃ የሚፈልግ ባለጉዳይ ሲመጣ፥ አሮጌውን መዝገብ መፈለግ ቢያደክምም አትመልሱት፤ አንዲት የቆየች ቅጠል የአንድን ቤተ ሰብ መገናኘት ልትወስን ትችላለችና።

ከሁሉም በላይ ነገሩ አስቀድሞ በቤት ይነገር። ዮሴፍ ከግዞት ቤት ወጥቶ በግብፅ ሲሾም ወኅኒው ከታሪኩ አልተፋቀም፤ የክብሩ መንገድ ሆኖ ይነበባል እንጂ። እኛ ከልጆቻችን የሸሸግነው ውርደታችንን መስሎን 25 ዓመት ኖርን፤ የሸሸግነው ግን የእኅታችንን ደግነት ነበር። አሁን ልጃችን አክስቷን በስልክ ስታነጋግር «እማማ ዋስ» እያለች ትጠራታለች።